ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት

ይድረስ ለወጣት ቀቢዎች፣

ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ትንንሽ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ ወታደሮችን ስቀባ ነው፤ ለራሴም፣ ለደንበኛም። ወጣቶች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምን ዓይነት ቀለም ላድርግ?» ብለው ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ከየት ሆኖ ነው የሚታየው? ስንት ወታደር ነው የምትቀባው? እነዚህ ሁለቱ ሳይመለሱ ቀለም መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ከርቀቱ ልጀምር። የተለመደው ወታደር ቁመቱ 28 ወይም 32 ሚሊሜትር ነው። ስትቀቡት አፍንጫችሁ ሥር ነው። ስትጫወቱበት ግን አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። ከዚያ ርቀት የቀበቶው ዘለበት አይታይም። ስንት ሰዓት የለፋችሁበት የዓይኑ ብሌንም አይታይም። የሚታየው የቱ ጋ እንደሚፈካና የቱ ጋ እንደሚጠቁር ነው። ስለዚህ ቀይ ይሁን ሰማያዊ ከማለታችሁ በፊት ፈካ የሚለውንና ጠቆር የሚለውን ክፍል ወስኑ።

ጀማሪ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ናቸው ሲባል ሰምቷል። እውነት ነው፣ ቀለሞች ዙሪያውን የሚደረደሩበት የቀለም ክብ ላይ ፊት ለፊት ናቸው። ሰማያዊና ብርቱካናማም፣ ቢጫና ወይን ጠጅም እንዲሁ። ግን ቀዩና አረንጓዴው እኩል ከጠቆሩ ከሩቅ ይደባለቃሉ። መሞከሪያው ቀላል ነው። ወታደሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ካባውና ጥሩሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ምርጫው አልሠራም። ቀለሙን መጣል ግን አያስፈልግም። ቀዩን አጥቁሩት፣ አረንጓዴውን አፍኩት፣ በቃ ይለያያሉ። ደግሞም ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው ጥቂት አይደለም፣ በተለይ ወንዱ። ማዶ የተቀመጠው ተጋጣሚያችሁ ከእነሱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

እስኪ አንድ ወታደር በቅርብ እንይ። ካባ ለብሷል፣ ጥሩር አጥልቋል፣ ጋሻ ይዟል እንበል። ዓይን መጀመሪያ እንዲያርፍ የምፈልገው ፊቱ ላይ ነው። ስለዚህ በፊቱ ዙሪያ ያለውን አጠቁራለሁ፤ የካባው ቆብ ውስጡ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል። ካባው ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ዋናው ቀለም የእሱ ነው፣ ሰማያዊ። ጥሩሩ ቀዝቀዝ ያለ ግራጫ። ቀበቶና ጫማ ቡናማ፣ ዓይን የማይጠራ ቡናማ። ከዚያ አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ እጨምራለሁ፣ ብርቱካናማ። ጋሻው ላይ ላለው ምልክትና ከራስ ቁሩ በላይ ለቆመው ላባ። ሁለቱም ለፊቱ ቅርብ ናቸው። ያንኑ ብርቱካናማ ጫማው ላይ ባደርገው ዓይን ወደ መሬት ይወርድብኛል።

60፣ 30፣ 10 የሚባለውን ስሌት ሰምታችሁ ይሆናል። ዋናው ቀለም 60 በመቶ፣ ረዳቱ 30፣ ደማቁ 10። መጥፎ አይደለም። ግን በማስመሪያ አትለኩት። አሥሩ ሃያ እንዳይሆን ብቻ ጠብቁ፤ ደማቅ ነገር ሲበዛ ደማቅነቱ ያበቃል።

ሌላው ነገር ጎረቤት ቀለም ነው። ሚሼል ዩዤን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ ውስጥ በጎበሊን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል ቅሬታ መጣበት። ቢመረምር ክሩ ምንም አልሆነም፤ አጠገቡ ያለው ቀለም ነው ያደበዘዘው። ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። እኛም ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የምናየው ይህንኑ ነው። ግራጫ ብርቱካናማ አጠገብ ሲሆን ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሰው ቆዳ አረንጓዴ ካባ ውስጥ ሲሆን ይቀላል። ስለዚህ በጠርሙሱ ክዳን ቀለም አትመኑ። ሁለቱን ቀለሞች አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ጎን ለጎን ቀብታችሁ እዩ።

ወታደሩ የተተከለበትን መቆሚያም እንደ ጎረቤት ቁጠሩት። ቀይ ካባ የለበሰ ጦር ቀይ አፈር ላይ ቢቆም ይጠፋል። ያንኑ ጦር በረዶ ወይም ግራጫ ድንጋይ ላይ አቁሙትና እዩት። እኔ በግሌ ከእግር እስከ ራስ ጥቁር የለበሰ ጦር አልወድም። ግድ ከሆነ ግን ጠርዙን በግራጫ ሰማያዊ አፍኩት፣ መቆሚያውንም ፈካ አድርጉት።

የታሪክ ጦር የምትቀቡ ከሆነ ዋናው ቀለም ተመርጦላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1914 የፈረንሳይ እግረኛ ቀይ ሱሪ ለብሶ ነው የዘመተው፤ በ1915 ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ተቀየረ። የጀርመን ታንክም እስከ 1943 መጀመሪያ በአብዛኛው ጥቁር ግራጫ ነበር፤ ከዚያ መደቡ ጠቆር ያለ ቢጫ ሆነ። ይህንን አትነካኩት። ማፍካትና ማጥቆር ግን አሁንም የእናንተ ነው። የእውነተኛውን ታንክ ቀለም ትንሿ ላይ እንዳለ ብትቀቡት ጠቁሮ ነው የሚታየው። ጥቂት ፈካ ያለ ቀለም ቀላቅሉበት።

አሁን ወደ ብዛቱ። አንድ ወታደር ላይ የሚያምር ነገር ስልሳ ላይ እጅ እጅ ይላል። ቢጫን ውሰዱ። ጥቁር ፕራይመር (ከሁሉ በፊት የሚቀባው መደብ) ላይ በአንድ እጅ አይሸፍንም፣ በሁለትም ላይሸፍን ይችላል። ያንን በስልሳ አባዙት። ቢጫ ጦር የምትፈልጉ ከሆነ በነጭ ፕራይመር ጀምሩ፣ ወይም ከሥሩ ሮዝ ቀቡ፤ ቢጫው ቶሎ ይሸፍናል፣ ሞቅም ይላል። ጥልፍና ዝንጉርጉር ካማራችሁ ለአዛዡና ለሰንደቅ ያዡ አድርጉት። ተራው ወታደር በጥቂት ቀለም ይለቅ። አራት አምስት ብልቃጥ ይበቃዋል።

ሙሉውን ጦር ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ወታደር በሦስት ዓይነት ቀለም ሞክሩ፣ ከነመቆሚያቸው። ጠረጴዛው ላይ አቁሙና ወንበራችሁን ስባችሁ ራቁ። ይህንን በቢጫ አምፖል ሥር እንዳታደርጉት፤ ሰማያዊውን ያበላሸዋል። የቀን ብርሃን ወይም ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሆነ ነጭ መብራት ይሻላል። ማታ በቢጫ አምፖል የምትጫወቱ ከሆነ ግን እዚያም አንዴ እዩት።

የመረጣችሁትን ጻፉት። የቱ ቀለም ከየቱ ጋር፣ ስንት ጠብታ ለስንት ጠብታ፣ ፕራይመሩ ምን እንደነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ወታደር ልጨምር ስትሉ የዚያን ካባ ሰማያዊ በዓይን ብቻ መልሳችሁ አታገኙትም። ወረቀቱን የቀለም ሳጥናችሁ ክዳን ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፉት።