ልጄ ለትምህርቷ ብላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ አባቷ ተቀየሟት

ጥያቄ፦ ደሴ የምንኖር ሙስሊም ቤተሰብ ነን። ኮሌጅ የምትማረው የመጀመሪያ ልጃችን የሌላ እምነት ቤተ አምልኮ ጎብኝታ እንድትጽፍ ስለታዘዘች፣ ለአባቷ ሳትነግር አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ቅዳሴው እስኪያልቅም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማ ተመለከተች። አባቷ ጽሑፉን ደብተሯ ውስጥ ካገኙት ወዲህ አያናግሯትም፤ እሷም ቡናቸውን በታናሽ ወንድሟ እጅ ትልካለች። እሳቸው ራሳቸው ክርስቲያን ጎረቤታችን ሲሞቱ ከቅሬው (ከመንደራችን ዕድር) ጋር እስከዚያው ግቢ ድረስ ሸኝተዋል። እኔ መሄዷን አውቅ ነበር። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የነካው በወንድሟ እጅ የሚላከው ፍንጃል ነው። ቡና በዱአና በምርቃት በሚጠጣበት የወሎ ቤት፣ ልጅ ለአባቷ በእጇ ማቅረብ ስትተው ምርቃቱንም አብራ ታጣለች።

የጎረቤትዎን ቀብር አንሥቶ «እርስዎስ ሄደው የለ?» ብሎ መሞገት ይቀል ይሆናል፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። ባለቤትዎ የሄዱት በጉርብትና ወግ፣ ሐዘንተኛ ለማጽናናት ሲሆን፣ ልጃቸው ግን የተላከችው በነጥብ ነው፤ ስለዚህ የልጃቸውን እምነት የሚነካ ግዴታ እሳቸው ሳያውቁ ሲመጣ ቢደነግጡ ሊወቀሱ አይገባም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ስለሚደነግግ፣ ወደፊት እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጣት በቃለ መጠይቅ ወይም በንባብ እንዲተካላት መምህሯን በአክብሮት ብትጠይቅ ነውር የለበትም።

ይህን ስል መሄዷ ጥፋት ነበር ማለቴ አይደለም። ማየት ማምለክ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኗም ብትሆን ይህን ድንበር ታውቀዋለች፣ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ገና ያልተጠመቁት እንዲወጡ የሚያውጅበት ሰዓት አለና። ልጅዎ ዛፍ ሥር መቆሟ ለሁለቱም እምነት ክብር የሰጠ አቋቋም ነው።

የአባቷ ቁስል ያለው መደበቋ ላይ ይመስለኛል። ሰው የተደበቀበትን ነገር በሚፈራው ነገር ይሞላዋል፤ ባለቤትዎም በዚያ ወረቀት ውስጥ ያዩት የክፍል ሥራ ሳይሆን፣ ሳያውቁት ከእጃቸው እየወጣች ያለች ልጅ ሊሆን ይችላል። እርስዎም ማወቅዎን ሲሰሙ ሐዘናቸው እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከልጅዎ በፊት መናገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ልጆቹ በሌሉበት፣ «አውቅ ነበር፤ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ደበቅሁዎት፤ ይህ የኔ ጥፋት ነው» ይበሉ፤ «ግን እኮ» የሚለውን ቃል ለዚያ ቀን ይተዉት። ሽማግሌ ለመላክም አይቸኩሉ፣ ነገሩ ጉባኤ የወጣ እንደሆነ እሳቸው ለመለዘብ ይቸገራሉና።

ቀጥሎ ልጅዎ ጽሑፏን ለአባቷ ራሷ ታንብብላቸው፤ የት እንደቆመች፣ ምን እንዳየች፣ ምን እንዳልነካች ከአንደበቷ ይስሙ። ቅር ያላቸው ቦታ ላይ ሲያስቆሟት እርስዎ መሐል ገብተው አይመልሱላት። በዚያ ዕለት ቡናውን እሷ በእጇ ታቅርብ፤ አባቷ ዝም ብለው ቢቀበሏት እንኳ በማግሥቱ ወንድሟን መልሳችሁ አትላኩት።