የተቀየረው ፍሪሲዮን ሁለት ወር ሳይሞላው ተበላ፤ ዋስትናውስ?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ ራይድ እሠራለሁ። መኪናዬ ማንዋል ዲዛየር ናት። ፍሪሲዮኗ (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘው ክፍል) ሲያረጅ ሰው የጠቆመኝ ጋራዥ ወሰድኳት። ዕቃውን ጋራዡ ራሱ ከሶማሌ ተራ አስመጥቶ ሸራውንም (እየተፋተገ ኃይል የሚያስተላልፈውን ዲስክ)፣ ፕሬሸር ፕሌቱንም (ሸራውን የሚጫነውን ሳህን)፣ ኩሽኔታውንም ቀየረልኝ። ደረሰኙ ላይ «የ6 ወር ዋስትና» ብሎ ጽፎ ማኅተም አድርጎበታል።

ሁለት ወር ሳይሞላው የሽሮ ሜዳን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። የሚያንቅ የቃጠሎ ሽታ መጣ። ያሳፈርኳቸው እናት «ልጄ፣ እሳት አይነሳም?» አሉኝ፤ ሌላ መኪና ጠርቼ ሸኘኋቸው።

ጋራዡ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ ታሳርፊያለሽ፣ የሴት አነዳድ እንዲህ ነው» አለኝ። አጥብቄ ስይዘው ደግሞ ዕቃው ነው፣ ሻጩን አናግሪ አለ። ሻጩ የአገጣጠም ችግር ነው ብሎ መለሰኝ። አሁን ጋራዡ «ከፍቼ አየዋለሁ፣ ግን የካምቢዮ ማውረጃ ትከፍያለሽ» ይላል። መኪናው ቆሟል፣ የባንክ ብድር አለበት፣ ልጆቼም የሚበሉት በሱ ነው። ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልከራከር?

ከጉለሌ

እህቴ፣ አትክፈይ። መኪናውንም ገና ለማንም እንዳታስከፍቺ።

ሶማሌ ተራ መመላለሱን ተዪው። ዕቃውን ገዝቶ የገጠመው፣ ገንዘብሽን የተቀበለውና ማኅተሙን ያሳረፈው ጋራዡ ነው። ጉድለቱ የዕቃውም ይሁን የአገጣጠሙ ላንቺ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከሻጩ ጋር ያለውን ሒሳብ ራሱ ይወራረድ። ዕቃውን ራስሽ ገዝተሽ ወስደሽለት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለይ ነበር።

የሴት አነዳድ ያለው ነገር አናዶኛል። ካምቢዮ ሳይወርድ የማን እግር እንዳቃጠለው የሚያውቅ መካኒክ የለም። የፋብሪካው ፍሪሲዮን በዚሁ ባንቺ እግር ምን ያህል ጊዜ እንደሠራ ንገሪው። እግርን ፔዳል ላይ ማሳረፍ ሸራ ይበላል፣ እውነት ነው፤ ግን ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ ጋር የሚያገናኘው ካቦ ከመጠን በላይ ጠብቆ ከሆነም ማንም ሳይነካው ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተረገጠ ስለሚውል ያው ጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ መኪናው እንደቆመ ፔዳሉን በእጅሽ ቀስ ብለሽ ተጫኚው። መጀመሪያ ትንሽ በቀላሉ መውረድ አለበት፣ ከዚያ ነው የሚከብደው። ገና ስትነኪው ከከበደ በቪዲዮ ቅረጪው። ሸራ ሲያልቅም ይህ ልቅነት ስለሚቀንስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ግን ጋራዡ አንዴ ካላላው በኋላ እንዴት እንደነበረ ማሳየት አትችዪም።

ሲከፈት እዚያው ሁኚ፣ ጋራዡ የማያውቀው ሌላ መካኒክም ይዘሽ ሂጂ። የሚፈርደው የወረደው ሸራ ነው። ዘይት ጠጥቶ ከሆነ የሞተሩ ወይም የካምቢዮው ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) አፍስሷል፤ ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ሲሉን ማየት ደግሞ የገጣሚው ሥራ ነበር። ገና ወፍራም ሆኖ ሽፋኑ ከተገነጠለ፣ ወይም መሐሉ ላይ ካሉት ሞላዎች አንዱ ከተሰበረ ወደ ዕቃው ጉድለት ያመዝናል። በቮላኖው (ሸራው በሚያርፍበት፣ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ብረት) በኩል ብቻ ተበልቶ ቮላኖውም ተጫጭሮ ከተገኘ፣ አዲሱ ሸራ የተገጠመው ቶርኖ ገብቶ ፊቱ ባልተስተካከለ አሮጌ ቮላኖ ላይ መሆኑን ጠርጥሪ። በሁለቱም በኩል እኩል አልቆ ቮላኖው ሰማያዊ ከሆነ ግን ብዙ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ መንስኤው እግርም፣ ካቦም፣ የደከመ ፕሬሸር ፕሌትም ሊሆን ስለሚችል ክርክሩ የሚከብድሽ እዚህ ላይ ነው። የወረደውን ዕቃ ፎቶ አንሺው፣ ጋራዡ ጋም እንዳይቀር።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊለት፤ መቼ እንደተገጠመ፣ መቼና እንዴት እንደተበላሸ፣ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ። ኮፒው ላይ አስፈርሚው፣ እምቢ ካለ በቴሌግራም ላኪለት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፤ በቃል ያልሽው ነገ ይካዳል። «15 ቀን አልፏል» የሚልሽ ሰው ይኖራል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይቻላል ይላል፣ ነገር ግን ከዚያ የተሻለ ዋስትና ካለ አይሽረውም። አንቺ ደግሞ በማኅተም የ6 ወር አለሽ።

የማውረጃውን ክፍያ እንዲህ በዪው፦ ጥፋቱ የዕቃው ወይም የአገጣጠሙ ከሆነ ዕቃውም ጉልበቱም ባንተ፣ የኔ ከሆነ እኔ እከፍላለሁ። ሳይከፈት ይህን በወረቀት ተፈራረሙ። አልፈርምም ካለ ደረሰኙንና ደብዳቤውን ይዘሽ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ አቤቱታ አስገቢ።

እስከዚያው መኪናውን ለአጭር መንገድም ቢሆን እንዳትነጂው፤ እየተንሸራተተ በሄደ ቁጥር ቮላኖው ይቃጠላል፣ ጋራዡም «ከተበላሸ በኋላ ነዳሽው» የሚልበት ምክንያት ያገኛል። ለባንኩም የክፍያው ቀን ሳያልፍ ደውይና ማራዘም ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው።