ኪቦርዱ አልተቃጠለም፤ መጀመሪያ ገመዱን ቀይሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ሆዴን በላኝ። «ሚዲ ኪቦርድ ከውጭ ሰው አመጣልኝ። ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ ግን ጭራሽ አያየውም። ጥገና ቤት ቦርዱ ተቃጥሏል አሉኝ። ላሠራው ወይስ ልሽጠው?» ነው ያልሽው። (ለማያውቅ፦ ሚዲ ኪቦርድ ከኮምፒውተር ጋር የሚሰካ የፒያኖ ቁልፎች ያሉት ዕቃ ነው፤ ኤፍኤል ስቱዲዮ ደግሞ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም።) አትሽጪው። አታሠሪውም። እኔ በዚችው መንገድ ሄጄ ተበልቼ ተመልሻለሁ።

ሌሎቹ ከላይ «ድራይቨር ጫኚ»፣ «ዊንዶውስ ቀይሪ» ያሉሽን ለጊዜው ተይው። በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. ገመዱ። ኪቦርዱ ከነካርቶኑ ነው የመጣልሽ? አይመስለኝም። የኔ በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋ 23 ኪሎ ሲያልፍባት ካርቶኑን እዚያው ጥላ፣ ኪቦርዱን በሹራብ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ ቀረ። እኔ ምን ቸገረኝ! የድሮ ስልኬ የቻርጀር ገመድ ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ። ሰካሁት፤ ፓዶቹ (በጣት የሚመቱት ካሬ ቁልፎች) ቦግ አሉ። ደስታዬን አትጠይቂኝ።

ኤፍኤል ስከፍት ግን ዝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዩቲዩብ ላይ አፈጠጥኩ። ዊንዶውስ አስቀየርኩ። ፎርማት ሲደረግ የጠፉብኝን ቢቶች (የሠራኋቸውን ሙዚቃዎች) አሁን ሳስታውሳቸው ያመኛል። በመጨረሻ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው?» አለኝ። አይደለም፣ የሙዚቃ ዕቃ ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር በእጁ ዝም አሰኘኝ። ሰካው፣ መብራቱን አየ፣ ነቀለው። «አይሲው (ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ) ተቃጥሏል። የዚህ ዕቃ እዚህ አገር አይገኝም።» ለዚህች 800 ብር ከፈልኩ። ምርመራ ተብሎ! የሰካው በራሴ ገመድ ነበር እኮ። «ሌላ ገመድ አለህ ወይ?» ብሎ አንድ ቃል ቢጠይቀኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር።

እኔም አመንኩት። ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ኪቦርድ ለሚጫወት የሰፈር ልጅ «ለመለዋወጫ ከሆነህ» ብዬ በ2000 ብር ሸጥኩለት። በሦስተኛው ቀን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ በኔ ኪቦርድ ፒያኖ ይጫወታል። ምን አድርገህ ነው ስለው «ምንም፤ የስልኬን ዳታ ኬብል ሰካሁበት» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተለመደ የዩኤስቢ ገመድ ውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። ሁለቱ ኃይል ያመጣሉ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ከቻርጀር ጋር የሚሸጡ አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ሁለቱን የኃይል ሽቦዎች ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ኪቦርዱ ኃይል ያገኛል፣ ይበራል። ላፕቶፑ ግን መኖሩንም አያውቅም። መብራቱ የሚያታልለን ለዚህ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ያንኑ ገመድ ከኪቦርዱ ንቀይና ስልክሽን ከላፕቶፑ ጋር አገናኚበት። ጫፉ ለስልክሽ ካልገባ የሚገባለትን ሰው ስልክ ተዋሺ። ስልኩ ቻርጅ ብቻ እያደረገ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን ምርጫ በማሳወቂያው ላይ ጭራሽ ካላመጣ፣ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። ሌላም ምልክት አለ። ዊንዶውስ አዲስ ዕቃ ሲሰካ «ቲንግ» ይላል። ኪቦርዱን ስትሰኪ ያ ድምፅ ከሌለ ኤፍኤል ውስጥ ምንም ብትነካኪ ዋጋ የለውም። የኪቦርድሽ ቀዳዳ ካሬ ቢጤ ከሆነ ደግሞ ተመስገን በይ፤ የፕሪንተር ገመድ ነው የሚወስደው፣ የትም ታገኚዋለሽ።

ገመድ ስትገዢ «ቻርጀር» አትበይ። «ዳታ ኬብል» በይ፤ ሱቁ ውስጥ በስልክሽ ሞክሪው። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። እኔ አሁን እሞክራለሁ፣ ያኮርፋሉ።

2. ኤፍኤል ውስጥ። ላፕቶፑ «ቲንግ» ካለ በኋላ ኤፍ 10ን ተጫኚና ሚዲ ወደሚለው ገጽ ግቢ። ኢንፑት ከሚለው ሥር የኪቦርድሽ ስም ይመጣል። ስሙን መርጠሽ ኢነብል የሚለውን ማብራት ትረሺያለሽ፤ ሁላችንም እንረሳለን። ስሙ ከሌለ ዝርዝሩን የሚያድሰውን ቁልፍ ንኪ፣ ወይ ፕሮግራሙን ዘግተሽ ክፈቺ። ሌላ የሙዚቃ ሶፍትዌር አብሮ ተከፍቶ ከሆነ እሱንም ዝጊው። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ ፕሮግራም ኪቦርዱን ከያዘ ሌላው አያገኘውም።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ድምፅ ከሌለ ቻናል ራክ (የመሣሪያዎቹ ዝርዝር) ላይ መሣሪያ መርጠሽ እንደሆነ እዪ። ኪቦርዱ ራሱ ድምፅ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሚዲ የሚልከው «ይህ ኖታ ተነካ፣ በዚህ ኃይል» የሚል መልእክት ብቻ ነው። ኃይሉም ቁጥር ነው፣ እስከ 127። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው ኪቦርዴን ሬሳ ያደረገብኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳ። የሙከራ ቨርዥኑን ከሆነ የምትጠቀሚው ፕሮጀክት ሴቭ ያደርግልሻል፤ እስክትገዢው ድረስ ግን መልሶ አይከፍትልሽም። ላፕቶፑን ከመዝጋትሽ በፊት ሥራሽን በዋቭ ወይ በኤምፒ3 አውጪው።

3. መዘግየት። ኪቦርዱ ከሠራልሽ በኋላ በሚቀጥለው ቀን ይዘሽው የምትመጪው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስለዚህ አሁኑኑ ልመልስልሽ። ትነኪያለሽ፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ያኔ ደግሞ ኪቦርዱን ተጠራጥረሽ ወደዚያ ሰውዬ እንዳትመለሺ። ጥፋቱ በድምፁ በኩል ነው። ኦዲዮ ገጹ ላይ አዚዮ (ASIO) ከሚሉት፣ ድምፅ ሳይዘገይ እንዲወጣ ከተሠሩት ድራይቨሮች አንዱን ምረጪ፤ ኤፍኤል ስቱዲዮ አዚዮም ሆነ አዚዮ ፎር ኦል ይሆናል። ከዚያ በፈር የሚለውን፣ ማለትም ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን፣ ቀንሺ። በ44,100 ኸርዝ በፈሩ 2048 ሳምፕል ላይ ከሆነ ድምፁ ወደ 46 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። 512 ወደ 12 ያወርደዋል፣ 128 ደግሞ ወደ 3። የኔ ላፕቶፕ አሮጌ ስለሆነ 128 ላይ ይንጫጫል፤ ስጫወት 256፣ ሚክስ ሳደርግ 2048 አደርገዋለሁ።

ብሉቱዝ ስፒከር ወይም ኢርፎን የምትጠቀሚ ከሆነ ግን ይሄን ሁሉ ብታደርጊም አይድንልሽም። በሽቦ ስሚ። እዚህ ግሩፕ ላይ ስንቱን ሰው በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር እንደገላገልኩት እኔና አድሚኖቹ እናውቃለን።

4. አምባሰል ሞክረሽ «ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል» ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤ ያም ያንቺ ነው አይደል? ኖታዎቹን አልሳትሽም። ከዶ ብትነሺ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው፤ ይሄን እንደምታውቂ ከጻፍሽው ያስታውቃል። የጎደለው ማንሸራተቱ ነው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ከኖታ ወደ ኖታ አይዘልም፤ ይሳባል። ፒች ቤንዱን (ኖታውን የሚያንሸራትተውን፣ ኪቦርዱ ላይ በግራ በኩል ያለውን) አብዛኛው ቪኤስቲ (ኤፍኤል ውስጥ የሚከፈተው የመሣሪያ ድምፅ) ሁለት ግማሽ ድምፅ ላይ አድርጎት ነው የሚመጣው። አምባሰል ላይ ደግሞ ከሬ ቤሞል ወደ ፋ አራት ግማሽ ድምፅ አለ፤ ሁለት አይደርስልሽም። ቪኤስቲው ውስጥ ገብተሽ አራት አድርጊው። ከዚያ በቀኝ እጅ ሬ ቤሞሉን ያዢና በግራ እጅ ፒች ቤንዱን እየገፋሽ ቀስ እያልሽ ወደ ፋ ውሰጂው። ቬሎሲቲውንም (ያንን የመንካት ኃይል) ሁሉንም እኩል አታድርጊ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን የሠርግ ዘፈን አንድ ክራር ተጫዋች ሰምቶ «ይሄ ክራር ነው ወይስ የበር ደወል?» ብሎኛል። አሁን ያው ሰው ራሱ ቅንብር ያሠራኛል።

ሁለተኛ ኪቦርድ ለመግዛት አንድ ዓመት ከሦስት ወር አጠራቅሜያለሁ። ያኛውን መልሼ ልግዛው ብዬ ልጁ ዘንድ ሄጄም ነበር። በ2000 የሸጥኩለትን 9000 ጠራብኝ። ምነው ስለው ሳቀና «ከነገመዱ እኮ ነው» አለኝ።

በይ ዛሬውኑ ዳታ ኬብል ተዋሺና ሞክሪው። «ቲንግ» ካለ እዚሁ ጻፊልኝ።