አያታችንን ዕረፍቱ ለምን አደከማቸው?

ጥያቄ፦ አያታችን ጣሊያን ሲገባ ጡት የሚጠቡ ልጅ እንደነበሩ ይነገራል። መንዝ ሳሉ ዳገት ወጥተው ቁልቁለት ወርደው፣ ገብስ ፈትገው፣ የበግ ጠጉር ፈትለው ይውሉ ነበር። ይረፉ ብለን ወደ ደብረ ብርሃን ካመጣናቸው ወዲህ ግን እየደከሙ ሄዱ፤ ዛሬ ደግፈን ካላነሳናቸው ከመቀመጫ አይነሱም። ምን አጠፋን? ከእሳቸው አኗኗርስ ለራሳችን ምን እንያዝ?

መልስ፦ በፍቅር ነው ያደረጋችሁት፤ ግን ሥራውን ሁሉ ከእጃቸው ተቀበላችኋቸው። በዚህ ዕድሜ ሥራ የፈታ ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይመነምናል፤ ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ድካሙ ድንገት የመጣ ከሆነ፣ ከከሱ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ግን አስቀድሞ ሐኪም ይያቸው። ደም ማነስም የልብ ድካምም እርጅና ይመስላሉ።

በርጩማ ዝቅ ስለሚል ተዉት። ቁመቱ እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ወደ ጫፉ ይጠጉ፣ ተረከዛቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪሆን ያጎንብሱና ይነሱ። ሲቀመጡ 4 እስኪቆጠር ቀስ ይበሉ፤ ዘፍ ካሉ ጡንቻው አይሠራም። ጠዋት 5፣ ማታ 5 ጊዜ፤ በየሳምንቱ አንድ እየጨመራችሁ እስከ 10። አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም። ካቃታቸው ብርድ ልብስ አጥፋችሁ መቀመጫውን ከፍ አድርጉት እንጂ ክንዳቸውን አትጎትቱ፤ ትከሻ ይጎዳል፣ እግራቸውም ሥራውን ለእናንተ ይተወዋል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ደግሞ አንድ ሁለት ደቂቃ ጫፉ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ደም ግፊታቸው ድንገት ወርዶ እንዳይጥላቸው። እንዝርቱንም እባካችሁ መልሱላቸው።

ገብሱ ጥሩ ነው፤ ፋይበሩ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ብቻውን ግን ጡንቻ አይመልስም። 50 ኪሎ የሚመዝኑ ከሆነ በቀን ቢያንስ 50 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው 6 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ወተት ወይም እንቁላል ከየማዕዳቸው አይጥፋ። በጾም ጥራጥሬውን ጨምሩ፤ ለድካማቸው ንስሐ አባታቸውን አማክሩ። ጥርስ ከሌላቸው በሶውን በጥብጡላቸው፣ የደረቀ ጭብጦ ያንቃል።

ለራሳችሁ የምትይዙት ዳገቱን ነው፤ ባጃጁን ትታችሁ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ በእግር ሂዱ። የጎጆውን ጭስ ግን አትውረሱ፤ ሳንባና ዓይን ይጎዳል። ለብርዱ ብላችሁም የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት አስገብታችሁ በር አትዝጉ። የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል።