የጉበት ሰርጀን ልሁን ወይ ብላ ለጠየቀችኝ ልጅና ለጓደኞቿ

«ዶክተር፣ የጉበት ቀዶ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ። ግን እኛ አገር ታካሚው የሚመጣው ካለቀለት በኋላ ነው። ተምሬስ ማንን አድናለሁ?»

ይህን ያለችኝ ደሴ የምትሠራ አንዲት ኢንተርን (ትምህርቷን ለመጨረስ ሆስፒታል የምትለማመድ ሐኪም) ናት። በሰዓቱ ለብ ያለ መልስ ሰጥቻት ተለያየን። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ቢላ ይዤ አላውቅም። ቢሆንም ጥያቄዋ አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ይኸው እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያም ያለችበት አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከግብጽ ውጪ ባሉት የአፍሪካ አገሮች የጉበት ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች ግማሾቹ 2 ወር ተኩል እንኳ አልቆዩም። ግብጽ ላይ ወደ 11 ወር ነው። በ14 አገሮች የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ጃፓን ላይ 60 ወር፣ ሰሜን አሜሪካ 33፣ አውሮፓ 24፣ ቻይና 23 ወር ይላል። እንግዲህ የጃፓን ሰርጀን እጁ ከእኛ ሰርጀን እጅ ሃያ እጥፍ ይሻላል? በፍጹም። የእኛ ሰው የሚታመመው ደግሞ ገና በጉልበቱ ሳለ ነው፤ በመጀመሪያው ጥናት ከግብጽ ውጪ ያሉት ታካሚዎች አማካይ ዕድሜ 46 ነበር።

አንድ የማልረሳው ሰው አለ። ከሐርቡ በታች ከቆላው የመጣ ገበሬ ነበር። የመጣው ለኩላሊት ጠጠር ነው፣ ጎኑን ሰቅዞ ይዞት። አልትራሳውንድ እያየሁት ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ሳደርግ ጉበቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ክብ ነገር ታየችኝ። ለካኋት፤ 3 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ደጋግሜ ፈለግኩ፣ ሌላ የለም። ሆዱ ውስጥ ውሃ የለም፣ ጣፊያው አላበጠም፣ ዓይኑ ነጭ ነው። ደሙ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ፣ ያ ጉበትን እያጠቃ ለካንሰር የሚዳርገው ቫይረስ፣ ተገኘበት።

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። እስከዚያ ድረስ የማያቸው ሁሉ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው አብጦ፣ የወፍ መድኃኒት ሲጠጡ ከርመው የሚመጡ ነበሩ። ለእነሱ ውሃውን ከመቅዳትና ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የማደርገው አልነበረኝም። ይሄኛው ግን በጊዜው የተገኘ ሰው ነው። እንዲህ ያለች አንዲት ትንሽ ዕጢ፣ የቀረው ጉበት ደህና ከሆነ፣ ተቆርጣ ትወጣለች። ደህና የሕክምና ማዕከል ባለበት እንዲህ ከተቀደዱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ጉበት ደግሞ ተቆርጦ መልሶ የሚያድግ ጉደኛ አካል ነው።

አስቀምጬ ነገርኩት።

«ጠጠሩስ?» አለኝ።

«ጠጠሩ ይደረስበታል። አሁን የሚያስፈራው ጉበትህ ነው።»

«ጉበቴን እኮ አያመኝም ዶክተር።»

እውነቱን ነበር። ጉበት ሲጀምር አያምም። ሲያም ጊዜው አልፏል። ይህንን ሕይወቱን ሙሉ ማሽላ ሲያበቅል ለኖረ ሰው፣ ምንም ሳይሰማው፣ በአንዲት ግራጫ ነጥብ ማሳመን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መጽሐፍ ላይ አታገኙትም። አዲስ አበባ ሄዶ ሲቲ ስካን መነሳትና ሰርጀን ማየት እንዳለበት ስነግረው ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜም ጉበት ነው ተብሎ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሬሳው ነው የመጣው። ለሬሳው መኪና በሬ ሸጥን።» ቀጥሎ ወሩ ጥቅምት መሆኑን፣ ልጆቹ ማማ ላይ ሆነው ወፍ እየጠበቁ መሆኑን ነገረኝ። ማሽላውን ከሰበሰበ በኋላ እንደሚሄድ ቃል ገባልኝ። የአልትራሳውንዱን ፎቶ አትሜ ሰጠሁት። ከቀበሌ መታወቂያው ጋር ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ከተተው።

ቃሉን ጠበቀ። ጥር ላይ ሄደ። የሄደበት ቦታ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ተመለስ አሉት። ቀጠሮ ሰጡት። ቀጠሮው ሲደርስ ሌላ ቀጠሮ ሰጡት። ዘመድ ቤት ስንት ጊዜ ይታደራል? ብሩ አለቀና ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ጋ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፣ ሴት ልጁ ደግፋው። ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ከፌስታሉ ያንን ፎቶ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የእነዚያ ማሽኖች ወረቀት ሙቀት አይወድም፤ ሙሉ ለሙሉ ጠቁሮ ነበር። ምንም አይታይም። እሱ ግን ጣቱን ልክ ቦታው ላይ አሳርፎ «ይቺው ናት አይደል?» አለኝ። መናገር አቃተኝ። «አብሽር ዶክተር» አለኝ። እሱ እኔን።

መስከረም ሳይጠባ ሞተ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ከጥቅምት እስከ ሐምሌ አንድም ሰው ስልክ አልደወለለትም። ካርዱ ካርድ ክፍል ተቀምጧል። ማን ሄደ፣ ማን ቀረ፣ ማን መንገድ ላይ ተንገላታ ብሎ መዝገብ የያዘ ማንም አልነበረም። ሥራ አልነበረም፤ የማንም ሥራ አልነበረም። ጃፓኖቹ የሚበልጡን እዚህ ጋ ነው። ሄፓታይተስ ያለበት ሰው ይታወቃል፣ በየ6 ወሩ ጉበቱ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ አደጋው የባሰበት ደግሞ በየ3 እና በየ4 ወሩ። ዕጢዋ ገና ፍሬ እያለች ትያዛለች። ሰርጀኑ የሚቀበለው ሌሎች ለዓመታት የጠበቁለትን ሰው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ያው ነው፤ በሽታው በ5 ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ ላይ ይመለሳል፣ ስለዚህ ክትትሉ አይቋረጥም።

ያሁን ልጆች አንድ የማልወድላችሁ ነገር አለ። «ማሽን የለም» ትሉና እጃችሁን አጣጥፋችሁ ስልካችሁን ትነካካላችሁ። ቶን ታት ቱንግ የሚባል የቬትናም ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሃኖይ ውስጥ፣ አገሩ በቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ከ200 በላይ ጉበቶችን በገዛ እጁ እየፈለቀቀ የደም ሥሮቹን መንገድ አጠና። ዛሬ ሰርጀኖች ጉበትን በሥርዓት ቆርጠው የሚያወጡት እንደ እሱ ያሉ ሰዎች በከፈቱት መንገድ ነው። እሱ ያንን ሲሠራ ሲቲ ስካን ገና አልተፈለሰፈም ነበር።

ደግሞ ራሴን ልቃወም። የእኔን ሰው የጎዳው የማሽን ብልሽትም ነው። በ2014ቱ ጦርነት የወሎ ሆስፒታሎች ተዘርፈው ባዷቸውን ሲቀሩ አይቻለሁ፤ ያኔ «ማሽን የለም» ያለኝን ልጅ ለመቆጣት አፍ አልነበረኝም። ሁለቱም እውነት ነው፣ ማስታረቅ አልቻልኩም።

ስለዚህ ልጄ፣ ተማሪ። ግብጽ ሂጂ፣ ሕንድ ሂጂ፣ ቱርክ ሂጂ። ግብጽ እያለሽ ግን ኦፕሬሽን ክፍሉን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። እነሱ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝባቸውን ለሄፓታይተስ ሲ፣ ለሌላው የጉበት ቫይረስ፣ መርምረዋል። እንዴት እንዳደረጉት ጠይቂ፤ ማን መዘገበ፣ ማን ደወለ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ። ስትመለሺ ደግሞ አዲስ አበባ አትቅሪብን። ሁላችሁም እዚያ ትቀራላችሁ፣ ይህን ስል አፌን ይመረኛል። ደመወዙን አውቀዋለሁ፣ አልፈርድባችሁም፤ ግን ተናገሩ ካላችሁኝ እናገራለሁ።

ሰርጀን መሆን የማትፈልጉት ደግሞ አንድ ደብተር ግዙ። የሄፓታይተስ ቢ ታካሚያችሁን ስም፣ ስልክ፣ የሚቀጥለውን የአልትራሳውንድ ወር ጻፉ። የጎረቤቱንም ስልክ ጨምሩ፣ የገጠር ስልክ ቻርጅ ስለማይኖረው። የዚያን ገበሬ ልጆች ሁሉንም አስመርምሬ ነበር። አንደኛው ወንድ ልጅ አለበት። በየ6 ወሩ ይመጣል፤ ሲቀር እደውላለሁ፤ «ማሽላ ላይ ነኝ» ሲለኝ እቆጣዋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ የሻገተ ማሽላ እንዳይበሉም ነግሬያቸዋለሁ። የሻጋታው መርዝ ከቫይረሱ ጋር ሲገናኝ ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጣም የከፋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ለእናንተው ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ከዚያ በፊት ነው የተወለዳችሁት። በየቀኑ መርፌ እየያዛችሁ ተመርምራችሁ የማታውቁ አላችሁ። ሂዱና ተመርመሩ። ከሌለባችሁ ሦስቱን መርፌ ተከተቡ፣ ሁለት ወስዶ ማቆም የለም። ካለባችሁ አትደንግጡ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ቫይረሱን የሚያስተኛ በቀን አንድ ኪኒን አለ፣ በየ6 ወሩም አልትራሳውንድ ትነሳላችሁ። ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ስትሄዱ ወንድም እህቶቻችሁንና እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።