ሰው በሠለጠነ ቁጥር መተማመን ወዴት ሄደ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ድሮ ሰው በቃሉ ብቻ ይበደርና ያበድር ነበር ይባላል። ዛሬ ያለ ፊርማ፣ ያለ ማኅተም፣ ያለ የይለፍ ቃል የሚሆን ነገር የለም። ሥልጣኔ መተማመንን ገደለው ማለት ነው?

መልስ፦ አልገደለውም፤ ቦታ አስለወጠው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ መንደር ቃል የሚከበረው ሰዉ ሁሉ ቅን ስለሆነ አይደለም። ተበዳሪው የሚሸሽበት ስለሌለው ነው። ዛሬ የካደ ሰው ነገ እሳት የሚጭረው ከዚያው ከካደው ጎረቤቱ ቤት ነው። ዋስትናው መተዋወቁ ነበር። ንግድ ሰውን ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያገናኘው ግን ያ ዋስትና አብሮት መንገድ አልወጣም፤ ምትክ ተፈለገለት።

ከቀደምቶቹ ምትኮች አንዱን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3500 ዓመት ገደማ በሜሶጶጣሚያና በምዕራብ ኢራን በምትገኘው በሱሳ ሰዎች ንብረትን የሚቆጥሩት ከጭቃ በተሠሩ ትናንሽ ፍሬዎች ነበር። ለምሳሌ ሰባት በግ በእረኛ እጅ የሚላክ ከሆነ ሰባት ፍሬ ውስጡ ባዶ በሆነ የጭቃ ኳስ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ጭቃው ሳይደርቅ ተንከባላይ ማኅተም በላዩ ላይ ይዞርበታል። ተቀባዩ ኳሱን ሰብሮ ይቆጥራል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ መሐል መንገድ ላይ ክርክር ቢነሳ ሳይሰብሩ ማየት አይቻልም፤ ከሰበሩት ደግሞ ማስረጃው ጠፋ። መፍትሔው ፍሬዎቹን ወደ ውስጥ ከመክተት በፊት በእርጥቡ ጭቃ ላይ አንድ በአንድ ተጭኖ ምልክታቸውን ማስቀረት ሆነ። ምልክቱ ከውጭ የሚነበብ ከሆነ የውስጡ ፍሬ ምን ያደርጋል? ቀስ በቀስ ኳሱ ቀርቶ ጠፍጣፋ የጭቃ ሰሌዳ ቦታውን ያዘ። ጽሑፍ ከዚህ የሂሳብ ጉዳይ ተወለደ የሚለውን ሐሳብ በስፋት ያቀረቡት ተመራማሪ ዴኒስ ሽማንት-ቤሴራት ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እረኛው ነው። ኳሱ ጠባቂው ብቻ አልነበረም፤ ምስክሩም ነበር። ሳይሰርቅ «ሰረቅህ» ቢባል ቆጠራው ይናገርለታል። ጥሩ ማረጋገጫ ታማኙን ሰው በማያውቀው ሰው ፊት እንዲታመን የሚያደርግ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡትንም በዚሁ ሚዛን ብንመዝናቸው እንወዳለን።

ጥያቄ፦ ማንበብ የማይችል ሰው ደረሰኝ እንዳይጭበረበርበት ድሮ ምን ያደርግ ነበር?

መልስ፦ እንጨት ይሰነጥቅ ነበር። በእንግሊዝ የመንግሥት ግምጃ ቤት ከ12ኛው ክፍለ ዘመን እስከ 1826 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራበት ዘዴ ነው። በእንጨቱ ጎን ላይ የገንዘቡ መጠን በቁርጥ ይቀረጻል፦ ለ1,000 ፓውንድ የመዳፍ ውፍረት፣ ለ100 የአውራ ጣት፣ ለ20 የትንሿ ጣት፣ ለ1 ፓውንድ የበሰለ የገብስ ፍሬ ያህል ስፋት ያለው ቁርጥ ይወጣል። ለአንድ ሽልንግ ከዚያ ያነሰ፤ ለአንድ ፔኒ እንጨቱ ሳይነሳለት ጭረት ብቻ። ከዚያ እንጨቱ ቁርጦቹን አቋርጦ በርዝመቱ ይሰነጠቅና ለእያንዳንዱ ወገን ግማሹ ይሰጠዋል።

አንዱ ወገን ቁርጥ ቢጨምር በሌላው ግማሽ ላይ አይገኝም፤ ቢፍቅም እንደዚያው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር አብሮ መሄድ አለበት፤ ያንን ደግሞ ማንም በእጁ ሊሠራው አይችልም። የማይከላከለው ሁለቱ ወገኖች ተመሳጥረው ሲሠሩና አንዱ ግማሽ ሲጠፋ ነው። የተጠራቀመው አሮጌ እንጨት በ1834 እ.ኤ.አ. በምድጃ ሲቃጠል እሳቱ ከቁጥጥር ወጥቶ የእንግሊዝን ፓርላማ ሕንፃ አጋይቶታል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ሂሳብ ሠራተኛዬ በየወሩ ትሪያል ባላንስ (የመዝገቡን የሁለት ጎን ድምር የሚያነጻጽር ወረቀት) ያመጣልኛል፤ ሁልጊዜ እኩል ነው። እኩል ከሆነ ማመን እችላለሁ? «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

መልስ፦ እኩል መሆኑ የሚነግርዎት ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ዴቢትና ክሬዲት (የመዝገቡ ግራና ቀኝ ጎን) ጎን ለጎን የሚጻፍበት ድርብ ምዝገባ በጣሊያን ነጋዴዎች ዘንድ አድጎ ሉካ ፓቾሊ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተዳረሰ። ብልሃቱ ከእንጨቱ ጋር አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ገንዘብ ሁለት ቦታ ላይ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ የእጅ ስህተትን በደንብ ይይዛል። ሁለቱ ድምር ካልተገጣጠመ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉት፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። 5,940 መጻፍ ሲገባው 5,490 ቢጻፍ ልዩነቱ 450 ነው፤ 9 ጊዜ 50። ለ2 ከተካፈለ ደግሞ ግማሹን ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ይፈልጉ፤ 320 ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት ላይ ከዋለ ልዩነቱ 640 ይመጣል።

የማይዘው ግን ብዙ ነው። ጭራሽ ያልተመዘገበ ሽያጭ ከሁለቱም ጎን ስለሚቀር ሚዛኑን አይነካም። ከመነሻው የተሳሳተ መጠን በሁለቱም በኩል ከገባ አይታይም። የጥገና ወጪ የዕቃ ግዢ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሁለት ስህተቶች ሊጣፉም ይችላሉ። ሌብነት ደግሞ የሚመርጠው እነዚህን በሮች ነው። በተለይ ይህን ይወቁ፦ ገንዘብ ተቀባዩ የአንደኛውን ደንበኛ ክፍያ ይወስዳል፤ ጉድለቱን በሁለተኛው ክፍያ ይሸፍናል፤ የሁለተኛውን በሦስተኛው። ሚዛኑ ወር በወር እኩል ሆኖ ይኖራል።

ሥራውን ይክፈሉት። ገንዘብ የሚቀበለው፣ መዝገብ የሚጽፈውና ከባንክ መግለጫ ጋር የሚያመሳክረው አንድ ሰው አይሁን። ሦስት ሰው ከሌለዎት ማመሳከሩን ራስዎ ይያዙት፤ የባንኩም መግለጫ በሠራተኛው በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለእርስዎ ይድረስ። ደረሰኞች ተከታታይ ቁጥር ታትሞባቸው ይምጡ፤ በወሩ መጨረሻ ከድምሩ በፊት የጎደለ ቁጥር ይፈልጉ። የተበላሸ ደረሰኝ ከነኮፒው ይቀመጥ እንጂ አይቀደድ። በደረሰኙና ወደ ባንክ በገባበት ቀን መካከል ያለው ርቀት እየሰፋ ከሄደ ያ የመሸፋፈን ምልክት ሊሆን ይችላል። ለደንበኞችዎ «በእኛ መዝገብ ይህን ያህል ዕዳ አለብዎት» የሚል ወረቀት እርስዎ ራስዎ ይላኩላቸው። ሠራተኛው በዓመት አንዴ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ዕረፍት ይውጣ፤ ሥራውንም በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ይሥራው፤ መሸፋፈን በየቀኑ ካልተንከባከቡት አይቆምም።

ይህን ሁሉ ሲጀምሩ በሹክሹክታ አያድርጉት። ለሠራተኛዎ በግልጽ ይንገሩት፤ ገንዘብ ቢጎድል ንጽሕናውን የሚያሳይበት መንገድ እየሰጡት ነውና።

ጥያቄ፦ በዓለም ላይ ሰው ሰውን ማመኑ እየቀነሰ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በየአገሩ ይለያያል። «አብዛኛው ሰው ይታመናል ወይስ መጠንቀቅ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ በአሜሪካ «ይታመናል» ያሉት በ1972 እ.ኤ.አ. 46 በመቶ፣ በ2018 ደግሞ 34 በመቶ ነበሩ። በዴንማርክና በኖርዌይ ከ60 በመቶ በላይ ናቸው። ሦስቱም በቴክኖሎጂ የተራመዱ አገሮች ስለሆኑ ቴክኖሎጂን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አያስኬድም።

ጥያቄ፦ ድረ ገጽ ላይ የቁልፍ ምልክት ካየሁ በቂ ነው? ደግሞስ የልጄን ድምፅ በሚመስል ድምፅ ገንዘብ ከተጠየቅሁ በምን ልለየው?

መልስ፦ የቁልፉ ምልክት መሐል መንገድ ላይ ማንም እንደማያነብብዎትና አድራሻው ላይ ከተጻፈው ስም ጋር እንደተገናኙ ይነግርዎታል። የስሙ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አይነግርም፤ አጭበርባሪም ቁልፉን ማግኘት ይችላል። አድራሻውን ከ«https://» በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር (/) ወደ ግራ እየሄዱ ያንብቡ። «ባንክ ነጥብ ሌላስም ነጥብ ኮም» ካለ ባለቤቱ «ሌላስም» ነው፤ «ባንክ» የሚለውን ማንም ከፊት ሊለጥፈው ይችላል። ስሙን የሚመሰክሩት ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱም ይሰበራሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ተሰብሮ በጉግል ስም ሳይቀር ሐሰተኛ ሰርተፊኬት ወጣ። ብራውዘሮች ወዲያው ከሚያምኗቸው ዝርዝር ሰረዙት፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት ከሠረ። ብራውዘርዎን ማደስ የሚጠቅምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ ዛሬ የሰው ድምፅ ከአጭር ቅጂ ይመሰላል፤ የሚታየው የደዋይ ቁጥርም ሊመሰል ይችላል። ስለዚህ በጆሮዎ አይፍረዱ። ስልኩን ይዝጉና በራስዎ መዝገብ ላይ ባለው የልጅዎ ቁጥር መልሰው ይደውሉ። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ አሁኑኑ» የሚል ጥድፊያ ካለ ይህን እርምጃ በጭራሽ አይዝለሉት። ከቤተሰብዎ ጋር ደግሞ በአካል ተገናኝታችሁ አንድ ቃል ተስማሙ፤ በመልእክት አይጻፍ፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚገኝ የልደት ቀን ወይም የቤት እንስሳ ስም አይሁን። ቃሉ አንድ ጊዜ በስልክ ከተነገረ ስትገናኙ በሌላ ተኩት።