ቅባቱን ሳቆም ፊቴ ይነድዳል፤ ሠርጌ ደግሞ ጥር ላይ ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 26 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ግንባሬና ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ሰፈራችን ካለ ኮስሞቲክስ ቤት የተቀላቀለ ክሬም ገዛሁ። በሁለት ሳምንት ፊቴ ጠራ፤ ያየኝ ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ነበር። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። አሁን ሁለት ቀን ካልተቀባሁት ፊቴ በርበሬ ይመስላል፤ ያቃጥለኛል፣ ያሳክከኛል። መልሼ ስቀባው ወዲያው ይተወኛል። አገጬ ላይም ፀጉር እየወጣ ነው። እጮኛዬ ውጭ ነው የሚኖረው፤ የተዋወቅነውም የምንገናኘውም በቪዲዮ ነው። ለሠርጋችን ሦስት ወር ቀርቶናል። አንድ የውበት ሳሎን «የሚያነጣ መርፌ ብትወጊ ይሻልሻል» አሉኝ። ወይስ ሌዘር ልሠራ? ሰሞኑን ደግሞ ጉንጬ ሞልቶ ፊቴ ክብ ሆኗል፤ ለሠርጉ ትንሽ ልወፍር ብዬ የምውጠው ክኒን ይሁን አላውቅም። ጉንጭ በቀዶ ጥገና ይቀነሳል ሲሉ ሰማሁ። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ «መርፌ ወይስ ሌዘር?» ይላል። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ የታየኝ ቦሌ ኤርፖርት ነው። እጮኛሽ ሻንጣውን እየገፋ ሲወጣ አይቶሽ «ይህቺ ናት እንዴ?» እንዳይል ፈርተሻል። ከዚያው ልጀምር።

በስልክ የምናየው ፊት የማንም ፊት አይደለም። ፊልተር ባትነኪ እንኳ ብዙ ስልኮች ራሳቸው ቆዳውን ያለሰልሳሉ፣ ያበራሉ። እሱም በአካል ሲመጣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሸት ብሎ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ለዚያ ብለሽ ሠርጉን እንደማትሰርዢ እገምታለሁ። ጠይም መሆን በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አይፈልግም። ማድያት ግን ይታከማል። ቅባቱ ያመጣብሽ ጣጣም ይታከማል። ፊትሽ አልተበላሸም። ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ቅባቱ ሲቀር ቀስ እያለ የራስሽ ቀለም ይመለሳል። ከቻልሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፊልተሩን አጥፊና መስኮት አጠገብ ሆነሽ ደውዪለት። ይሄ የሐኪም ሥራ አይደለም ካልሽኝ ተይው፤ ግን እንቅልፍሽን ከየትኛውም ክሬም በላይ ይመልስልሻል ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ክኒኑ። አንቺ በጨረፍታ አነሳሽው፤ እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ለመወፈር ተብለው ከሚሸጡት ክኒኖች ውስጥ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን አሉ። ሁለቱም ስቴሮይድ፣ ማለትም ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን የሚመስሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሰውነት ውኃ እንዲቋጥር ያደርጋሉ፤ ስቡን ፊት፣ ሆድና ማጅራት ላይ ይከምሩታል። እጅና እግር ግን ይቀጥናል። ስኳርና ደም ግፊትም ይጨምራሉ። ክብ የሆነው ፊትሽ ውፍረት ሳይሆን የመድኃኒቱ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ይህን አንብበሽ ግን ክኒኑን ዛሬውኑ እንዳትወረውሪው። ለሳምንታት ወይም ለወራት ስትወስጂው ከቆየሽ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት አቁመው ሊሆን ይችላል። በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ስትነሺ ራስሽን የሚያዞርሽና የሚጥልሽ ከሆነ፣ የሚያስመልስሽ፣ ሆድሽን አጥብቆ የሚያምሽ ወይም አቅም የሚያሳጣሽ ከሆነ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ስትደርሺም መጀመሪያ የምትናገሪው «ስቴሮይድ ስወስድ ነበር» ብለሽ ነው። ካልነገርሽ ጋስትራይት ነው ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። የክኒኑን ማሸጊያ ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቅረቢ። መጠኑን ቀስ በቀስ የምትቀንሺበትን መንገድ እሱ ያወጣልሻል። ከሠርግ በኋላ እደርሳለሁ የሚባል ነገር የለም።

ቅባቱስ? «ሳቆመው ይብስብኛል፤ ስለዚህ ተስማምቶኛል።» አንቺ በቃል ባትዪውም ደብዳቤሽ ውስጥ አለች። ይህቺን ነገር ሳልሰማት የማልፍበት ሳምንት የለም። ስለዚህ ቁጭ ብለን እንነጋገርባት።

አንዷ ታካሚዬ ዕቃውን ይዛልኝ መጣች። ክዳኑ ወርቅማ፣ ነጭ ፕላስቲክ፣ ላዩ ላይ አንድ ፊደል የለበትም። ሻጭዋ ልጅቷ ዓይኗ እያየ ሦስት ቱቦ ጨምቃ በስቴኪኒ አማስላ ነው የሸጠችላት። ልጅቷ ብልህ ናት፤ ከቱቦዎቹ አንዱን ባዶውን ለምና ወስዳለች። ቱቦው ላይ የተጻፈው ክሎቤታሶል ይላል። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ጫፍ ላይ ከሚቀመጡት አንዱ ነው። እኛ የምናዘው ለወፈረና ለደረቀ የቆዳ በሽታ ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ። የፊት ቆዳ ስስ ነው፤ ፊት ላይ አናዝዘውም። ያንቺም ምልክቶች እንዲህ ያለ ቅባት መሆኑን ይጠቁማሉ፤ አንቺ ደግሞ ስምንት ወር ተቀብተሻል።

ሥራው እንዲህ ነው። ስቴሮይድ ሲቀባ የቆዳ ደም ሥሮች ይጨማተራሉ። ፊት ገርጣ ይላል። ሰው «ጠራሽ» ይላል። ቀለም የሚሠሩት ሴሎችም ይዳከማሉ፤ ስለዚህ ማድያቱ የጠፋ ይመስላል። ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፤ ደም ሥሮቹም ያለ ቅባቱ ራሳቸውን መቆጣጠር ያቅታቸዋል። ያኔ ስታቆሚው ሁሉም በአንዴ ይከፈታሉ። ፊት ይቀላል፣ ይነድዳል፣ ያብጣል። ስትቀቢው መልሰው ይጨማተራሉ፤ እፎይ ትያለሽ። ቡና የለመደ ሰው ጠዋት ሲቀርበት ራሱን ይፈልጠዋል፤ ሲጠጣ ይተወዋል። እንዲህ ስለሆነ ግን ቡና የራስ ምታት መድኃኒት ነው የሚል አላጋጠመኝም። ቅባቱ ላይ ግን ሁላችንም እንታለላለን።

ሻጮቹ ደግሞ መልስ አያጡም። ፊትሽ ሲቃጠል «ቆሻሻው እየወጣ ነው» ይሉሻል። ብጉር ሲያወጣ «ገና አልለመደውም» ይባላል። ከዚያ ጠንከር ያለው ዕቃ ከኋላ መደርደሪያ ይወጣል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። የአገጭ ፀጉሩ፣ ብጉሩ፣ ጉንጭ ላይ እንደ ክር የሚታዩት ቀያይ ደም ሥሮች፣ ሁሉም ከዚያው ከስቴሮይዱ የሚመጡ ናቸው። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምርና ማየትን ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ያዢልኝ፤ ፍጥነቱን ጠርጥሪ። ማድያት በትክክለኛ ሕክምና እንኳ ለውጥ የሚያሳየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ያውም ፀሐይ ሲያገኝ መመለስ ይወዳል። በሁለት ሳምንት ያጠፋ ቅባት ካገኘሽ ውስጡ ስቴሮይድ ወይም መርዛማው ብረት ሜርኩሪ አለ ብለሽ አስቢ። ሜርኩሪ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ ለፅንስም ይተርፋል። ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ ከገበያ እንዲወጣ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አንቺ ልታገቢ ነው፤ ልጅም ታስቢ ይሆናል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው የማድያት ቅባት ግን ሌላ ነው፤ ሐኪም ለተወሰኑ ወራት ቢያዝዘው ይጠቅማል። ዝም ብሎ ለዓመታት ሲቀባ ግን ቆዳው ወደ ሰማያዊ ጥቁርነት ይዞራል፤ እሱን መመለስ ደግሞ ከማድያቱ ይብሳል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ። ሴት ልጅ አገጯ ላይ ፀጉር ሲወጣ ወደ ሳሎን አትሄድም! በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ብትገቢ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። እግረ መንገዴን፣ ሎሚም ፊትሽ ላይ አትጭመቂ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፤ ጥሎት የሚሄደው ጥቁር ምልክት ለወራት ይቆያል። የጥርስ ሳሙናም ለጥርስ ነው።

መርፌው ብዙውን ጊዜ ግሉታታዮን የሚባለው ነው። የአሜሪካም የፊሊፒንስም የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ቆዳ ለማንጣት እንዳይወጋ አስጠንቅቀዋል። በዚያ ላይ ሳሎን ውስጥ፣ ማን እንደሚወጋሽ ሳታውቂ፣ በደም ሥር የሚገባ ነገር ነው። ሄፓታይተስ ቢና ኤችአይቪ በመርፌ ይተላለፋሉ። መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም።

ሌዘር ለአንዳንድ ሰው ይጠቅማል። አሁን ላንቺ አይሆንም። ስቴሮይድ ባሳሳው ጠይም ቆዳ ላይ ሌዘር ሲያርፍ ማድያቱ ከበፊቱ ጠቁሮ ሊመለስ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የጉንጩን ቀዶ ጥገና በተመለከተ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው የምልሽ። ጉንጭ ውስጥ ያለው ስብ አንዴ ከወጣ አይመለስም። መድኃኒቱ ሲቀር ክብ ፊትሽ በወራት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ያኔ ስቡን አስወጥተሽ ከቆየሽ ጉንጭሽ ገብቶ ይቀራል፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና ልትፈልጊ ነው። ቀዶ ጥገና ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። የሚተነፍሱበት ያጡ አፍንጫዎች፣ በቃጠሎ የተጨማተረ አንገት፣ ጀርባ የሚሰብር ከባድ ጡት በቀዶ ጥገና ሕይወት ሲቀየርላቸው አይቻለሁ። አንድ ቀን ከፈለግሽም ሐኪሙ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት መሆኑን ጠይቂ። ከዚህ በፊት ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ስትቆረጪ ጠባሳሽ አብጦ ከሆነ ንገሪው፤ እኛ ጋ ኬሎይድ ብዙ ነው። ውጭ ሄደሽ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ከተመለስሽ በኋላ ቁስሉ ቢያመረቅዝ ማን እንደሚያይሽ አስቀድመሽ እወቂ። ለሠርግ ቀን ተብሎ የሚቸኮል ቀዶ ጥገና ግን እኔ አልወድም።

ታዲያ ምን ታደርጊ? ክሬሙንም ክኒኑንም በፌስታል ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ የቆየ ቦታ ነው። ከኮዬ ዘነበወርቅ ድረስ መንገዱ እንደሚያማርር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከጤና ጣቢያሽ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ። ሐኪሙ ቅባቱን ወደ ቀለለ ቀይሮ ቀስ እያለ ያስተውሽ ይሆናል፤ ወይም በአንዴ አስቁሞ የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይሰጥሻል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ አልዋሽሽም። ፊትሽ ይቀላል፣ ይላጣል። «ተበላሸሁ» ብለሽ ወደ ዕቃው እንዳትመለሺ። በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ውኃ እያደረግሽ፣ ቫዝሊን ስስ አድርገሽ እየቀባሽ እለፊው። መዓዛ ያለው ሳሙና፣ ስክራብ፣ ማስክ፣ ሁሉም ይቅር። ብዙ ሰው በሁለት በሦስት ወር ይሻለዋል፤ አንዳንዱ ይቆያል። ጥር ላይ ሙሉ በሙሉ ትድኛለሽ ብዬ ቃል አልገባም። ከዛሬ ግን በብዙ ይሻልሻል።

ፀሐይን አትርሺ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጎጂ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ያዘናጋናል እንጂ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። ኮዬ ደግሞ ዛፉ ገና ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ጥላ የለም። ስለዚህ ጃንጥላ ያዢ፤ ሰው ምን ይለኛል አትበዪ። ፊትሽ ሲበርድ ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ ሰንስክሪን ጀምሪ። በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ ጨምቀሽ ፊትሽንና አንገትሽን ተቀቢ፤ ውጭ ከሆንሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ለማድያት ይመረጣል። ውድ ከሆነብሽ ጃንጥላውና ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣው ይቅደሙ።

አንድ ሰው የማይነግርሽን ልጨምር። ብዙ ሙሽሮች ከሠርግ በፊት የእርግዝና መከላከያ ይጀምራሉ። የመከላከያው ክኒን ማድያት ሊያባብስ ይችላል፤ ሌሎቹ ሆርሞን ያለባቸውም አንዳንድ ሰው ላይ እንዲሁ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ማድያት እንዳለብሽ ለነርሷ ንገሪያት፤ ሆርሞን የሌለው ሉፕም አለ።

ለሠርጉ ቀን ሜካፕ ማድረግ ትችያለሽ፤ ማድያትም ጥሩ አድርጎ ይሸፍናል። ብቻ የሜካፕ ባለሙያዋ የምትቀባሽን ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጆሮሽ ሥር ትንሽ ሞክሪው፤ ካቃጠለሽ ሌላ ለመቀየር ጊዜ ይኖርሻል። ፋውንዴሽኑንም ከአንገትሽ ቀለም ጋር እንድታስተካክለው ንገሪያት።